የቢያድግልኝ መርዶ

እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቢያድግልኝ ይደውላል። ትርንጎ ነጠላዋን አጣጥፋ ሣጥኑ ላይ ታስቀምጥና ከመስኮቱ አጠገብ ትቀመጣለች። ስልኩ ሁለት ጊዜ እስኪጮህ ትጠብቃለች፤ በመጀመሪያው ጩኸት ማንሳት ስትጠብቀው እንደዋለች ያስመስላል። ከዚያ ታነሳለች።

«እማዬ፣ እንዴት አደርሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንተስ? በላህ?»

«በልቻለሁ። ሥራ በዝቶብኝ ነው እንጂ መጥቼ አይሽ ነበር። በፋሲካ እንገናኛለን።»

ስለ ወገቧ ይጠይቃታል። ዝናቡ ኮምቦልቻ ገብቶ እንደሆነ ይጠይቃታል። አንድ ቀልድ ያመጣና ራሱ ቀድሞ ይስቃል። ሳቁ መሀል ላይ ይሰበርና በአፍንጫው ያልቃል፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ እንደዚያ ነው። በመስቀል እመጣለሁ ብሎ ነበር። መስቀል ሲያልፍ በገና አለ። አሁን በፋሲካ ይላል። ትርንጎም «እሺ ልጄ፣ በሰላም ያገናኘን» ትላለች፤ ቀን ቆርጦ እንዲነግራት ጠይቃው አታውቅም።

ትርንጎ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መርማሪ ነበረች። መብራት በተገጠመበት ጠረጴዛ ላይ የሚያልፈውን ጨርቅ እያየች፣ ክር የጎደለበትን ቦታ በጣቷ እየነካች ዕድሜዋን ጨርሳለች። ቢያድግልኝን የወለደችው ሁለት ልጆች ቀብራ ነው፤ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። አደገላትም። ድሬዳዋ የባቡር ጋራዥ ውስጥ ሥራ ይዞ ሄደ። በዚያን ጊዜ በወር አንዴ ቢደውል ነው። ስትቆጣው «እማዬ፣ ዝም ካልኩ ደህና ነኝ ማለት ነው» ይላታል።

የጆሮ ማጣሪያው የመጣው ትርንጎ ገና ልጅ ሳለች ነው። በመጀመሪያ የመኪና ጩኸት ለመቀነስ ነበር፤ ዶክተሮችም ለጆሮ ጥሩ ነው ብለው ነበር። ቀጥሎ ስድብ ቀነሰ። ከስድብ በኋላ ሌላ ሌላውን መቀነስ ጀመረ። አሁን ሰው ሰባት ዓመት ሲሞላው በሁለቱም ጆሮው ይገባለታል። ያልተፈቀደ ነገር የሚናገር ሰው አፉ ሲንቀሳቀስ ይታያል፤ የሚሰማው ግን ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ካፊያ ነው። ተናጋሪውም የራሱን ቃል አይሰማውም። ሻይ ቤት ውስጥ እንዲህ ሲሆን ሰሚው ቀና ብሎ ሰማዩን ያያል። «ዛሬ ጃንጥላ ሳልይዝ ወጣሁ» ይላል። ይሳቃል። ቀልዱ ከአባቶቻቸው የቆየ ነው፤ አሁንም ግን ይሳቅለታል።

ማጣሪያው ውሃ አይወድም። ስለዚህ ለመታጠብ ማውጣት ይቻላል፤ ክርስቲያኑ ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ፣ ሙስሊሙ ውዱእ ሲያደርግ። ከመታጠብ በላይ ውጪ ከቆየ ማፏጨት ይጀምራል፤ ካፏጨ በኋላ የመረጋጋት ቢሮ ሰዎች እንደሚመጡ ሁሉም ያውቃል። በመስጊዱ ቧንቧዎች መካከልም ግድግዳ ተሠርቷል፤ ሰው ጆሮውን ከፍቶ ከሰው ጋር እንዳይገናኝ።

ባለፈው ሰኔ ዜናው «በድሬዳዋ የባቡር ጥገና ለጊዜው ተቋርጧል» አለ። እዚያ ልጅ ያላቸው ሰዎች ደወሉ፤ ስልኩ አልሠራም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሠራ። ልጆቹም መደወል ጀመሩ፤ በወር አንዴ እንኳ የማይደውሉት ሳይቀሩ በየሳምንቱ፣ እያንዳንዱ በራሱ ቀን፣ በራሱ ሰዓት።

በዚያው ክረምት አንድ ማለዳ የትርንጎ በር ተንኳኳ። ገና ጎህ አልቀደደም። ስትከፍት የሰፈሩ ቅሬ ዳኛ ይመር ቆሟል፤ ከኋላው ጎረቤቷ ከድጃና ሁለት ሽማግሌዎች። ይመር ጋቢውን እንደ ወትሮው አልለበሰም፤ ጥለቱ ወደ ላይ ነው። ወሎ ውስጥ ተወልዶ የዚህን ትርጉም የማያውቅ የለም። ቅሬ ማለት ደግሞ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብሮ የሚቀብርበት ማኅበር ነው፤ ዳኛው በማለዳ ጋቢውን ዘቅዝቆ የመጣበት ቤት ውስጥ ሰው ሞቷል።

ይመር አጠገቧ ተቀምጦ እጇን ያዘና ተናገረ። ትርንጎ አፉን አየች። ካፊያ ሰማች። ደግሞ ተናገረ። ካፊያው ቀጠለ። ከድጃ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ወትፋ ታለቅስ ነበር።

«አልሰማሁህም፣ አያ ይመር» አለች ትርንጎ።

ሦስተኛ ሊሞክር አፉን ሲከፍት ተነሳች። «ሻይ ላፍላላችሁ» አለች። አፈላች። ጠጡ። ሰው በርከት ብሎ ያለ ፈቃድ ከተቀመጠ ስብሰባ ነውና ፀሐይ ሳይወጣ ተበተኑ። እሑድ ቢያድግልኝ ደወለ፤ ስለ ወገቧ ጠየቃት። ትርንጎ ከዚያ በኋላ ይመርን «ምን ልትለኝ ነበር?» ብላ አልጠየቀችውም። ይመርም አልደገመውም። መንገድ ላይ ሲገናኙ ስለ ኑሮ ውድነት ያወራሉ።

በየካቲት የትርንጎ ታላቅ ወንድም አድማሱ በኩላሊት ሕመም ደሴ ሆስፒታል ገባ። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ትርንጎ ከገመድ ላይ ልብስ ስታወርድ ስልኩ ጮኸ። ቢያድግልኝ ነው። ረቡዕ ደውሎ አያውቅም። እርጥብ አንሶላ በአንድ እጇ እንደያዘች አነሳችው።

«እማዬ፣ የጋሼ አድማሱን ማረፍ ሰማሁ። እግዚአብሔር ያጽናሽ። ነፍሱን በገነት ያኑርልን።»

ካፊያ አልነበረም። እያንዳንዱ ቃል ጥርት ብሎ ገባ። የአልጋ ላይ ሞት ተመዝግቦ ፈቃድ የሚሰጠው ሞት ነው፤ ስለ እሱ መናገር ይቻላል። ድምፁ አዝኗል። ኀዘኑም የቢያድግልኝ ነበር፤ ቃላቱ መጨረሻ ላይ ዝቅ ይሉ ነበር።

«እሺ ልጄ» አለች ትርንጎ። «አንተንም ያጽናህ።»

አንሶላውን መልሳ ሰቀለችው። ደረቅ የነበሩትንም ልብሶች መልሳ ሰቀለቻቸው። ከዚያ ግቢው መሀል ቆመች።

እናቷ የሞቱ ጊዜ ቢያድግልኝ ቀድሟት ሰምቶ ነበር። ከድሬዳዋ ቀኑን ሙሉ ተጉዞ መጣ። «ናፍቀሽኝ ነው» አላት። አብረው ራት በሉ፤ የቻለችውን ያህል እንድትበላ ራሱ እያጎረሰ። ስለ ጋራዡ አለቃ አወራት፤ አሳቃት። ደህና እደሪ ብሎ ተኛ። ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ ሽማግሌዎቹን ጠርቶ መጣ፤ እነሱ ሲነግሯት ከኋላዋ ቆሞ ትከሻዋን ይዞ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው እሱም ያለቀሰው። ያንን ሁሉ ሰዓት ፊቷ ተቀምጦ አንድ ጊዜ እንኳ ዓይኑ እርጥብ አልሆነም።

ያ ልጅ ለእናቱ የወንድሟን ሞት በስልክ አይነግራትም። ብቻዋን ሆና፣ ሳትቀመጥ፣ ምን እንደበላች ሳያውቅ። ቢመቱት አያደርገውም።

ድምፁን የሠሩት ሰዎች ሳቁን አግኝተዋል፤ ስለ ወገቧ መጠየቁን አግኝተዋል። ትርንጎ ላለፉት ወራት በጣቷ ስትሸሸው የኖረችው ቦታ ላይ አሁን ጣቷ አረፈ። ክሩ የለም።

ሲመሻሽ ከድጃ የተሸፈነ ሳህን ይዛ መጣች። «ዛሬ ሽሮ ሠርቼ በዛብኝ። ነይ አብረን እንብላ» አለች። ከድጃ ሽሮ በዝቶባት አያውቅም። ትርንጎ ገባት፤ ቅሬው ሰምቷል፤ ነገ ማለዳ ሊነግሯት ነው፤ ዛሬ በልታ እንድታድር ከድጃን ልከዋል። ስለዚህ በላች። ከድጃ ስለ ልጇ ስለ ሰዓዳ አማች፣ ጥርሱን ወርቅ አስደርጎ አፉን መክደን ስላቃተው ሰውዬ አወራቻት። ትርንጎ ሳቀች። ከድጃም እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ ከዚያ እንባዋን ቶሎ ጠረገች።

«ወገቤን ይዞኛል፤ እዚሁ ልደር?» አለች ከድጃ።

«እደሪ። ፍራሹን ላንጥፍልሽ።»

ጎን ለጎን ተኙ። ሁለቱም አንዳቸው ከሌላቸው የሚደብቁት ነገር አንድ ነበር።

ማለዳ ይመርና ሽማግሌዎቹ መጡ። ዛሬ ካፊያ አያሰጋቸውምና ይመር ድምፁን ሳይፈራ ጀመረ። «ትርንጎ፣ አብሽሪ እህቴ። የአላህ ነገር ነው፤ ሁላችንም በተራችን ነን...»

«አውቄዋለሁ፣ አያ ይመር። አድማሱ ነው።»

ይመር አፉን ዘጋ። ዞሮ ከድጃ ላይ አፈጠጠ። «አንቺ ሴት፣ አላስችል አለሽ?»

«ወላሂ እኔ አይደለሁም! ምላሴ ይቆረጥ! ሌሊቱን ሙሉ ስለ ወርቅ ጥርስ ሳወራ አይደል እንዴ ያደርኩት?»

«እሷ አይደለችም» አለች ትርንጎ። «ቢያድግልኝ ነው። ትናንት ደውሎ።»

«በስልክ?»

«በስልክ።»

«ማን አጠገብሽ ነበር?»

«ማንም። ልብስ ሳወርድ ነው።»

«ምን ዓይነት አሳዳጊ የበደለው...» አለች ከድጃ በንዴት፤ ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። ያሳደገችው ሴት ፊት ለፊቷ ተቀምጣለች። ሽማግሌዎቹ ወደ መሬት አዩ።

«እኔ ያሳደግሁት እንዲህ አያደርግም» አለች ትርንጎ።

ውጭ አንድ ጋሪ አለፈ።

«አያ ይመር፣ በክረምቱ የመጣህበትን ንገረኝ። አሁን እሰማሃለሁ።»

ይመር ወደ እሷ ጠጋ አለና ተናገረ። ካፊያ ወረደ። ትርንጎ ዓይኖቿን ከአፉ ላይ አልነቀለችም፤ አፍ ግን እንደ ጨርቅ አይነበብም። ይመር ተናዶ ጉልበቱን መታ። ከዚያ የቀኝ እጁን እጅጌ ጠቅልሎ፣ በግራ መዳፉ ከክንዱ ጀምሮ እስከ ጣቶቹ፣ ከዚያ ፊቱን፣ ከዚያ ጆሮዎቹን አበሰ፤ ውሃ እንደያዘ ሰው።

«ከቀብር መልስ» አለ። ይህን ሰማችው።

አድማሱ የተቀበረው በዚያው ቀን ነው። ቅሬው ከቀብር የተመለሰ ሰው ሳይታጠብ ለቅሶ ቤት እንዳይገባ ደንብ አለው፤ በደጅ በርሜልና ጆግ ይቀመጣል። ድንኳኑን ለመቆጣጠር ከመረጋጋት ቢሮ የተላከችው ወጣት ሶልያና ትባላለች። በሩ አጠገብ ቆማ የሚገባውን ሰው ታያለች። ጨዋ ልጅ ነች፤ ለሽማግሌዎቹ ጎንበስ ብላ ነው ሰላም ያለችው።

ቀብረኛው መጣና በርሜሎቹን ከበበ። ይመር ቀድሞ እጅጌውን ጠቀለለ። ማጣሪያዎቹን ከጆሮው አወጣና ደረት ኪሱ ውስጥ ጨመረ። ከኋላው ያለው አወጣ። ከሱ ኋላ ያሉት አወጡ። ነጠላ የደረቡ ሴቶች፣ ቆብ ያደረጉ ሽማግሌዎች፣ የፋብሪካ ሠራተኞች፣ ሁሉም።

«ከቀብር መልስ የሚታጠበው እጅ ብቻ መስሎኝ ነበር» አለች ሶልያና።

«አንቺ መቃብር ቆፍረሽ ታውቂያለሽ?» አለቻት ከድጃ፤ ጆሮዋን በሳሙና እያሸች። «አፈሩ የማይገባበት የለም፣ የኔ ልጅ። እስከ ናላዬ ገብቷል።»

«እርስዎ አልቆፈሩም እኮ።»

«ቆሜ ሳይ ገባብኝ።»

ሶልያና ወደ ድንኳኑ ዞራ ወንበር የምትቆጥር መሰለች።

ትርንጎ ማጣሪያዎቿን አወጣች። ድምፅ እንደ ጎርፍ ገባ። የቦርከና ወንዝ፣ በመንገዱ የሚወጣው ከባድ መኪና፣ የሆነ ቦታ የሚያለቅስ ሕፃን። የሰዎቹ ድምፅ ከምታውቀው የጎረነነ ነበር፤ ይመር ሲተነፍስ ደረቱ ሲር ሲር ይላል። ይህንን ሁሉ ዓመት ጎረቤቷ ሆኖ አስም እንዳለበት አላወቀችም።

ይመር በጆግ እጇ ላይ ውሃ እያፈሰሰ፣ በዝግታ፣ ውሃው እንዳያልቅ እየቆጠበ ነገራት።

«ትርንጎ፣ ልጅሽ ቢያድግልኝ ሞቷል። ሰኔ ላይ ነው። ድሬዳዋ፣ የጋራዡ በር ላይ። ማጣሪያቸውን አውጥተው በእጃቸው ይዘው ወጡ፤ ሌላ የያዙት የለም። ተኮሱባቸው። እሱን ደረቱን ነው። አብሮት የነበረ ልጅ አምልጦ መጥቶ ነው የነገረኝ። ወዲያው ነው የሞተው አለኝ፤ አልተሠቃየም። የት እንደተቀበሩ አናውቅም።»

ውሃው ከክርኗ ላይ ተንጠባጠበ። ከድጃ ትርንጎን ከኋላ ብብቷን ይዛ ደገፈቻት። በጆሮዋ፣ በጥሬ ድምፅዋ፣ «የኔም ሰዓዳ እዚያ ነበረች» አለቻት ከድጃ። «ሐኪም ቤቱ ውስጥ፤ ቁስለኛ ስትቀበል። ያ የወርቅ ጥርሱ አማቿ ነው የነገረኝ፤ በጽሑፍ አይደለም፣ በቃል አይደለም፤ መጥቶ እግሬ ላይ ወደቀ።»

በበርሜሎቹ ዙሪያ ሰው ሁሉ ፊቱን እያጠበ ይናገር ነበር። ማንም አልጮኸም። አንዱ ለአንዱ፣ ጎንበስ ብሎ፣ በውሃው ድምፅ ውስጥ፣ ስም ይናገር ነበር። እንድሪስ። ማኅደር። የጫኔ ልጅ። ሁለቱም የፋጡማ ልጆች። አንድ ሽማግሌ ፊቱን በእጆቹ ሸፍኖ «ደህና ነኝ ይለኛል፣ ደህና ነኝ ይለኛል» ይል ነበር።

ከዚያ የመጀመሪያው ማጣሪያ አፏጨ። ቀጥሎ ሌላው። ሰዎቹ እርጥብ ጆሯቸውን በነጠላና በጋቢ ጠርገው መልሰው አደረጉ። ወንዙ ጠፋ። የይመርም ደረት ዝም አለ።

ድንኳኑ ውስጥ ትርንጎ ጮኸች። «ወንድሜን!» አለች፤ የተፈቀደው ያ ነውና። ደረቷን መታች። ሴቶቹ ተቀበሏት፤ «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያሉ። ቅሬው ለብዙ ጊዜ የያዘውን አወጣው። አድማሱን በስም የማያውቁ ሰዎች መሬት ላይ ተንከባለሉ። ከጎረቤት ሰፈር ሳይቀር ሰው መጣ፤ ድንኳኑ ሞልቶ መንገዱ ላይ ተቀመጡ።

ሶልያና ወደ ይመር ጠጋ አለች። «አቶ አድማሱ ብዙ ወዳጅ ነበራቸው ማለት ነው።»

«ኧረ በሕይወቱ ሰላም የሚለው ሰው አልነበረም» አለ ይመር፤ ዓይኑን እየጠረገ። «እንዲህ የተወደደ መሆኑን እኛም ዛሬ ነው ያወቅን።»

በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ሲፈርስ ሶልያና ትርንጎን ለብቻዋ አገኘቻት። አጠገቧ ተቀመጠች፤ የተላከችበትን እንደምትናገር ሰው እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ።

«እትዬ፣ ረቡዕ የተደወለልዎ ስህተት ነበር። ተስተካክሏል። እሑድ እንደ ወትሮው ይደውላል።»

ትርንጎ ነጠላዋን ወደ ራሷ ሳበች።

«አንሥተው ያዋሩት። ስለ... ስለ ሌላ ነገር ካነሡበት ግን ይቋረጣል። ከተቋረጠ በኋላ ድምፁ አይቀመጥም። ይጠፋል። ፎቶዎቹ ከስልክዎ ላይ እንደጠፉት ማለት ነው።» ልጅቱ ወደ በሩ አየች። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የኔም አባት ይደውላል፣ እትዬ። ሐሙስ ሐሙስ። አነሳዋለሁ።»

በዚያው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከድጃ የቤቱ ደረጃ ላይ ተቀምጣ ከትርንጎ ጋር ምስር ትለቅም ነበር። ይመርም ሊጠይቃት ጎራ ብሎ ነበር። ካፊያ እንዳይወርድባቸው ሦስቱም ቃላቸውን እየመረጡ ያወሩ ነበር።

«ስሚው» አላት ይመር። «ለቅሶሽን አልቅሰሻል። እንግዲህ ብትሰሚው ማንም አይፈርድብሽም።»

«እኔ ሰዓዳን አነሳታለሁ» አለች ከድጃ ከምስሩ ላይ ቀና ሳትል። «ዓርብ ከጁምዓ በኋላ። አውቃለሁ፤ አነሳታለሁ። "እማ፣ ሒናዬ ለቀቀ" ትለኛለች። ምን ላድርግ? አፈሯን የት ሄጄ ላቅፍ?»

ትርንጎ ከምስሩ ጠጠር አውጥታ ወረወረች። «የናንተን አልነካም» አለች። «የኔ ግን መርዶው ሳይነገረው ሲዞር አልችልም። ድምፁ እኮ የሱ ነው፣ ከድጃ። ጉሮሮው የሱ ነው። ያን ድምፅ ይዘው ልጄ የማይለውን ያስብሉታል። የወንድሜን ሞት አስነገሩት። ነገ ደግሞ ምን ያስብሉታል?»

«ከተናገርሽው ያጠፉታል» አለች ከድጃ። «አንድም ቃል አይተርፍሽም። ሳቁም።»

«አውቃለሁ።»

«ከመሸም በኋላ ብታስቢበት።»

«አስቤበታለሁ።»

እሑድ ትርንጎ ከቅዳሴ ተመለሰች። ነጠላዋን አላወለቀችም። ስልኩን በመጀመሪያው ጩኸት አነሳችው።

«እማዬ፣ እንዴት አደርሽ? ወገብሽስ?»

«ደህና ነኝ። አንተ በላህ?»

«በልቻለሁ። ስሚኝማ፣ የጋራዡ አለቃ ምን እንዳለ ታውቂያለሽ?» ቀልዱን ተናገረ። ሳቀ። ትርንጎ ሳቁ መሀል ላይ ሲሰበር፣ ከዚያ በአፍንጫው ሲያልቅ ሰማች። እስኪያልቅ አላቋረጠችውም። ሌላ ቀልድ ንገረኝ አለችው። ነገራት። እሱንም እስከ መጨረሻው ሰማችው።

ከዚያ «ተቀምጠሃል፣ ልጄ?» አለች።

«ተቀምጫለሁ።»

«አጠገብህ ሰው አለ?»

«ማንም የለም እማዬ። ብቻዬን ነኝ። ምነው?»

ትርንጎ ለብዙ መልስ ተዘጋጅታ ነበር። ለዚህ አልተዘጋጀችም። ልጇ እንዳልሆነ ታውቃለች። ቢሆንም አፏ እምቢ አለ። ብቻውን ለሆነ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም።

«ትንሽ ጠብቀኝ» አለችው። «እንዳትዘጋው።»

ወጥታ በአጥሩ ላይ ከድጃን ጠራቻት። ከድጃ ፊቷን አየችና ምንም ሳትጠይቅ ወደ ይመር ቤት ሮጠች። ሽማግሌዎቹ መጡ፤ ከቀብሩ የነበሩ ሴቶችም መጡ፤ ክፍሉ ጠበበ። ጋቢና ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ነበር። ትርንጎ አንድ ወንበር መሀል ላይ አደረገች፣ ስልኩን በላዩ አስቀመጠች። ሁሉም ዙሪያውን ተቀመጡ። ቀን ነበር፤ በሩም ክፍት ነበር። የመንገዱ ሰው እያለፈ ያያቸው ነበር።

«እማዬ? ማነው የመጣው?»

«ጎረቤት ነው፣ ልጄ» አለ ይመር። «ይመር ነኝ።»

«አያ ይመር! ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ። ከድጃም አለች። ሁላችንም አለን። አጠገብህ ነን።»

«ሰላም ነው? ምነው ተሰበሰባችሁ?»

ይመር ወደ ትርንጎ ዞረ። እጁ በወንበሩ ጠርዝ ላይ ነበር፤ አንድ ጊዜ በእምቢታ ራሷን ብትነቀንቅ ሰላምታ ሰጥተው ወጥተው ይሄዳሉ፣ በሚቀጥለው እሑድም ይደውላል። ከድጃ የትርንጎን እጅ ይዛ ነበር፤ ጥፍሯ መዳፏን ወጋው።

«ንገረው» አለች ትርንጎ።

ይመር ወደ ስልኩ ጎንበስ አለ። «አብሽር ልጄ» ብሎ ጀመረ። የቀረውን ማንም አልሰማም። ካፊያው ቤቱን ሞላው፣ በእያንዳንዱ ጆሮ ውስጥ፤ የይመር አፍ ግን ተንቀሳቀሰ፣ አንዱንም ሳይዘል፣ ሰኔን፣ ድሬዳዋን፣ በሩን፣ ደረቱን። ጨረሰ። ካፊያው አባራ።

የስልኩ መብራት አሁንም በርቶ ነበር።

መርዶ በተነገረበት ቤት ለቅሶውን የሚጀምረው የተነገረው ሰው ነው፤ ማንም አይቀድመውም። ስለዚህ ሁሉም ዓይናቸውን ወንበሩ ላይ ተክለው ጠበቁት።